ያንኑ ጨዋታ ሁለት ጊዜ መግዛት፦ ከገበጣ እስከ ኮምፒውተር ሞድ

ዋጋው የተከፈለበትን፣ ተጫውተው የጨረሱትን ጌም እንደገና ገንዘብ አውጥቶ መግዛት ለብዙ ሰው ጤነኛ ሐሳብ አይመስልም። ዲስኩ ቤት አለ፤ ፕሌይስቴሽኑ ይሠራል፤ ታሪኩም ያው ነው። ሆኖም በዓለም ዙሪያ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ተጫዋቾች ይህንኑ ያደርጋሉ። በኮንሶል የጨረሱትን ጨዋታ ለኮምፒውተር እንደገና ይገዛሉ። ምክንያታቸውን ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ "ለሞዱ ነው" ይላሉ። ሞድ ጨዋታውን ያመረተው ኩባንያ ሳይሆን ሌላ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ተጫዋቹ፣ የሚጨምረው ወይም የሚቀይረው ነገር ነው፦ አዲስ ማሊያ፣ አዲስ ካርታ፣ አዲስ ታሪክ፣ አንዳንዴም አዲስ ሕግ።

ጥያቄው ቦሌ ላይ ሲነሣና ጎብዬ ላይ ሲነሣ ግን አንድ አይደለም። ጎብዬ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። እዚህ ፕሌይስቴሽን ከሱቅ ከሚገዛ ይልቅ ከሳውዲ ወይም ከዱባይ በተመለሰ ዘመድ ሻንጣ ይመጣል። ላፕቶፕም የሚገዛው "ለትምህርት ነው" ተብሎ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይሄዳል፣ ዶላር ደግሞ ከመጀመሪያውም የለም። "ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?" የሚለው ወጣት የሚያወጣው ሒሳብ ከሌላው ዓለም ተጫዋች ሒሳብ የሚለየው ለዚህ ነው።

ሒሳቡን ከመሥራት በፊት ግን ወደ ኋላ ማየት ይጠቅማል። ከግዢው ጀርባ ያለው ጥያቄ የቆየ ነው፦ የጨዋታ ሕግ የማን ነው? (ከዚህ በታች "ዓ.ም." ያልተጨመረባቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ የተጫዋቹ በነበረ ጊዜ

ገበጣ ለመጫወት መሬት ቆፍሮ ጠጠር መልቀም ይበቃል። ጥላ ሥር የተቀመጡ እረኞች ይጫወቱታል፤ ጠርቦ ያሳመረ ሰው የእንጨት ገበታ አለው። ዕድሜውም ቀላል አይደለም። በየሃና በመጠራ በተገኙ ቅሪቶች ላይ ተመሥርተው አርኪዮሎጂስቶች እስከ 6ኛውና 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ይወስዱታል።

የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 "ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር" ላይ ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ የማያንሱ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል። አንዱ አገር በሁለት ረድፍ ይጫወታል፣ ሌላው በአራት። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እምብዛም የማይታወቀው ባለሦስት ረድፍ ገበጣ የዚህ አካባቢ መለያ ነው። የጠጠሩ ብዛት ይለያያል፤ ጠጠሩ የሚዘራበት አቅጣጫም፣ የሚበላበት መንገድም እንደዚሁ። እያንዳንዱ ዓይነት የሆነ ቦታ አንድ ሰው "እንዲህ ብናደርገውስ?" ብሎ ጎረቤቱ የተስማማበት ነው። ፈቃድ የሚጠየቅ ባለቤት አልነበረም። ዛሬ ሞድ የምንለውን ነገር አያቶቻችን ስም ሳያወጡለት ሲሠሩት ኖረዋል።

የቤተ መንግሥቱ ጨዋታ ሰንጠረዥም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ከፋርስና ከዐረብ አገር የመጣው ሻትራንጅ ኢትዮጵያ ሲደርስ ንጉሡና ፈረሱ በቦታቸው ቢቆዩም አጀማመሩ ሌላ ሆነ። በዓለም ያለ ቼዝ ተራ በተራ ይጀመራል። በእኛ ሰንጠረዥ ግን መጀመሪያ ወረራ አለ። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የቻሉትን ያህል ፈጥነው፣ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ተራ መጠበቅ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጨራረሱም ማዕረግ ነበረው። ንጉሥን በፈረስ ወይም በኃይለኛ ጠጠር ማሸነፍ ጨዋነት የጎደለው ይባል ነበር፤ በደካማ ጠጠሮች ያሸነፈ ግን ይሞገሳል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረው እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውደን ይህን በዝርዝር ጽፎታል። ራስ ወልደ ሥላሴም ሆኑ እቴጌ ጣይቱ ከተጫዋቾቹ መካከል ይጠቀሳሉ። ይህ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቀስ በቀስ ጠፍቶ በዓለም አቀፉ ቼዝ ተተካ።

ቁልፉ የመጣው ከኮንሶሉ ጋር ነው

የቤት ውስጥ የቪዲዮ ጨዋታ በ1972 በማግናቮክስ ኦዲሲ ቢጀመርም፣ የዛሬውን ጥያቄ የወለደው ኔንቴንዶ በ1985 አሜሪካ ያስገባው ኮንሶል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የአሜሪካ የጌም ገበያ ጥራት በሌላቸው ካርትሪጆች ተጥለቅልቆ ወድቆ ስለነበር፣ ኔንቴንዶ በማሽኑም በካርትሪጁም ውስጥ ተናባቢ ቺፕ አስገባ። ሁለቱ ቺፖች ካልተግባቡ ጨዋታው አይነሣም። እንዲህ በመሆኑ ማሽኑ ላይ የሚሠራውን የሚወስነው የገዛው ሰው መሆኑ ቀረና ፈቃዱ በኩባንያው እጅ ገባ።

ተጫዋቾች ዝም አላሉም። በ1990 "ጌም ጂኒ" የሚባል መሣሪያ ገበያ ላይ ዋለ። በካርትሪጁና በማሽኑ መካከል ይሰካና ኮድ ሲገባለት የተጫዋቹን ሕይወት ያበዛል፣ ዝላዩን ያረዝማል። ኔንቴንዶና መሣሪያውን የሚሸጠው ጋሉብ ተካሰሱ። በ1992 የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት ለጋሉብ ፈረደ። ጨዋታውን የገዛ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ለራሱ መዝናኛ ቢለውጠው የመብት ጥሰት አይደለም አለ። በክርክሩ ጊዜ ሽያጩ ታግዶ ስለቆየ ኔንቴንዶ 15 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለ።

ይህ ፍርድ ለተጫዋቹ ድል ቢሆንም ቁልፉን ከማሽኑ አላወጣውም። ሕጉ "ልትለውጠው ትችላለህ" ሲል ማሽኑ "አልከፍትልህም" ማለቱን ቀጠለ። ዛሬም በኮንሶልና በኮምፒውተር መካከል ያለው ዋና ልዩነት ይኸው ነው።

ከዱም እስከ ፐብጂ

ኮምፒውተሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ታኅሣሥ 1993 የወጣው "ዱም" ካርታውን፣ ምስሉንና ድምፁን ከፕሮግራሙ ለይቶ በሌላ ፋይል አስቀመጠ። ሠሪዎቹ አውቀው ያደረጉት ነው። ተጫዋቹ ዋናውን ፕሮግራም ሳይነካ የራሱን ካርታ ሠርቶ ማስገባት ቻለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ሰንሰለት ነው።

በ1999 ሁለት ወጣቶች "ሃፍ-ላይፍ" በተባለ ጨዋታ ላይ "ካውንተር-ስትራይክ"ን በሞድነት ሠሩ። የ"ሃፍ-ላይፍ" አምራች ቫልቭ በማግሥቱ ዓመት ገዝቶ ለብቻው ሸጠው። "ዶታ" በ"ዋርክራፍት 3" ላይ የተሠራ ሞድ ነበር። ዛሬ በየቀበሌው ወጣቱ ስልኩን ይዞ የሚያመሽበት ፐብጂም መነሻው እዚሁ ነው። "አርማ 2" በተባለ የጦር ሜዳ ጨዋታ ላይ ዲን ሆል "ዴይዚ" የተባለ ሞድ ሠራ፤ በዚያ ሞድ ላይ ደግሞ አየርላንዳዊው ብሬንዳን ግሪን የራሱን ሞድ ሠራ፤ ከብዙ ዙር በኋላ በ2017 ፐብጂ ሆኖ ለገበያ ቀረበ፤ በዓመቱ ወደ ሞባይል ወረደ።

ከእነዚህ አንዱም በተዘጋ ኮንሶል ላይ አልተጀመረም። ኮንሶሉ ብዙዎቹን ተቀብሎ አጫውቷል፤ የተወለዱት ግን ኮምፒውተር ላይ ነው። ለሞድ ሲሉ ወደ ፒሲ የሚሻገሩ ሰዎች የሚከፍሉት ለተሻለ ምስል ብቻ ሳይሆን ጨዋታ ወደሚወለድበት ቦታ ለመግባትም ነው።

ፕሌይስቴሽን ቤት

ኢትዮጵያ ውስጥ የዚህ ታሪክ መድረክ ሳሎን ሳይሆን ጌም ቤት ነው። ከጆተኒውና ከፑሉ ጎን ፕሌይስቴሽን ቁጭ ይላል፤ ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይይዛሉ፣ ስምንቱ ከጀርባ ቆመው አሠልጣኝ ይሆናሉ፣ የተሸነፈ ይከፍልና ይነሣል። በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 በዓለም ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ለእኛ አገር ትውልድ ግን የጌም ትምህርት ቤቱ እሱ ነበር። አብዛኛው ማሽን ኮፒ ዲስክ እንዲያነብ ቺፕ የተገጠመለት ነበር። ኳሱ ደግሞ የኮናሚ "ዊኒንግ ኢለቨን"፣ ኋላም "ፔስ" ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎች ያላስተዋሉት ነገር አለ። ኮናሚ የብዙ የአውሮፓ ክለቦችን ትክክለኛ ስምና ማሊያ የመጠቀም ፈቃድ አልነበረውም። ማንቸስተር ዩናይትድን ወይም አርሰናልን በትክክለኛ ስሙና ማሊያው ያሳየው ዲስክ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ያለ አፍቃሪ ያስተካከለው ነበር። ጌም ቤት ያደገ ልጅ ቃሉን ሳያውቀው ሞድ ሲጫወት ነው የኖረው።

አሁንም ያው ነገር ቀጥሏል። በመስከረም 2012 የወጣውን "ፔስ 2013" አፍቃሪዎቹ ከዓመታት በኋላም ዝውውሩን፣ ማሊያውንና ስታዲየሙን እያደሱ ፓች ይሠሩለታል። ከባድ ግራፊክስ ካርድ ስለማይጠይቅ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። ኮናሚ ራሱ ግን በ2021 ተከታታዩን ወደ "ኢፉትቦል" ለውጦ ከኢንተርኔት ጋር አጥብቆ አሰረው።

ያልተጫነልን ነገርም አለ። በ"ፊፋ" ተከታታይም ሆነ ከ2023 ወዲህ ስሙን በቀየረው "ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ" ውስጥ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የለም። ፈረሰኞቹን ቅዱስ ጊዮርጊስንም ሆነ ቡናማዎቹን ኢትዮጵያ ቡናን መርጦ መጫወት አይቻልም። ወልዲያ ከተማ ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ የተጫወተበት፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም ከጎብዬ የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ጨዋታው ውስጥ ሊያስገባው የሚችለው ግን ሞድ ሠሪ ብቻ ነው።

ኮንሶሉ የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

"ኮንሶል ላይ ሞድ የለም" ማለት ዛሬ ስህተት ነው። ለምሳሌ በፕሌይስቴሽን 4 የ"ፔስ" ጨዋታዎች የማሊያና የአርማ ምስል በፍላሽ ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ የወልዲያን ማሊያ መሥራት የፈለገ ልጅ ሌላ ነገር መግዛት አያስፈልገውም። ስታዲየሙን፣ የሜዳውን ድባብ ወይም የደጋፊውን ጭፈራ ማስገባት የፈለገ ግን ፒሲው ላይ ብቻ እንደ ሳይደር ባሉ ፕሮግራሞች ያገኘዋል።

ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው "ስካይሪም" በተባለው ጨዋታ ነው። በኅዳር 2011 ለኮንሶልና ለፒሲ እኩል ወጣ። በ2016 ዳግም ሲታተም ሞድ በኮንሶልም ተፈቀደ። በኤክስቦክስ ዋን የሞዱ ጠቅላላ መጠን 5 ጊጋባይት፣ በፕሌይስቴሽን 4 አንድ ጊጋባይት ያህል ሆነ። ሶኒ ከዚህም አልፎ ከጨዋታው ውጭ የመጣ ምስልም ሆነ ድምፅ እንዳይገባ ከለከለ። በፕሌይስቴሽን ያለው ሞደር በጨዋታው ውስጥ ያለውን ዕቃ እያፈረሰ ሊሠራ ይችላል፤ ከደጅ አዲስ ዕቃ ማምጣት ግን አይችልም። ፒሲው ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞዶች አሉ፤ ገደባቸውም ሃርድ ዲስኩና የተጫዋቹ ትዕግሥት ነው።

ትዕግሥት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፒሲ ላይ ሞድ መጫን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሞዱ ከጨዋታው ቨርዥን ጋር መግጠም አለበት፤ አንዱ ከሌላው ይጣላል፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ጨዋታው አልነሣም ይላል። ኩባንያው ማሻሻያ በለቀቀ ቁጥር ትናንት የሠራው ዛሬ ሊቆም ይችላል። በ"ጂቲኤ 5" ሞድ ጭኖ ኦንላይን የገባ ሰው አካውንቱ ይታገዳል። ጨዋታ መጫወት የሚወድና ማስተካከል የማይወድ ሰው ኮንሶሉ ላይ ቢቀር ምንም አይጎድልበትም።

የጎብዬ ሒሳብ

ዋጋውን እንይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ60 ዶላር የሚሸጥ አዲስ ጌም 3,400 ብር ገደማ የነበረው ከ6,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ትልቁ የፒሲ ጌም መሸጫ ስቲም በብር አይሸጥም፤ በውጭ ካርድ ለመክፈል ደግሞ ውጭ ያለ ዘመድ መለመን ይመጣል። በሌላ በኩል "ስካይሪም"ና "ጂቲኤ 5"ን የመሳሰሉ ቆየት ያሉ ጨዋታዎች በዓመት ውስጥ ደጋግመው ከግማሽ ዋጋ በታች ይወርዳሉ። ቅናሽ ሳይጠብቅ የቆየ ጌም የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል።

ቀጥሎ ኢንተርኔቱ አለ። "ጂቲኤ 5" በ2015 ለፒሲ ሲወጣ ብቻውን 65 ጊጋባይት ይጠይቅ ነበር። በሰከንድ አንድ ሜጋባይት ሳይቆራረጥ ቢወርድ እንኳ 18 ሰዓት ይፈጃል፤ በሞባይል ዳታ ደግሞ የጥቅሉ ዋጋ ከጌሙ ሊበልጥ ይችላል። ሞዱ ገና ከዚያ በኋላ ነው። ቆቦና ጎብዬ ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት አካባቢውን ሲያዳርስ መብራትም ስልክም ለወራት ጠፍቶ ነበር፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት መብራት በተገኘበት ሰዓት የሠራው በዲስክ ያለ ጨዋታ ነው።

ይህ ከሌላ ጥያቄ ጋር ያያይዘናል፦ የገዛነው ምንድን ነው? ዩቢሶፍት መጋቢት 2024 "ዘ ክሩ" የተባለውን የመኪና እሽቅድምድም ሰርቨሩን ሲዘጋው ገንዘብ ከፍለው የገዙ ሰዎች ብቻቸውን እንኳ መጫወት አልቻሉም። የካሊፎርኒያ ግዛት በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ሻጮች ደንበኛው የሚያገኘው ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አለመሆኑን በግልጽ እንዲነግሩ አስገደደ። ከ2008 ጀምሮ የሚሠራው ጎግ የተባለ መሸጫ ግን ጨዋታውን ያለ ቁልፍ ይሸጣል፤ አንዴ ካወረዱት በፍላሽ አስቀምጦ ኢንተርኔት በሌለበት መጫን ይቻላል።

ለራያ ገበሬ ይህ ልዩነት አዲስ አይሆንም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ አቀንጭራ የተባለውን አረም ተቋቁመው የሚበቅሉ ማሽላዎች ለኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ተለቀቁ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሸለሙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ የደከሙበት ሥራ ነው፤ ከዝርያዎቹ አንዱም "ጎብዬ" ይባላል። እንዲህ ያለውን ማሽላ አንዴ ያገኘ ገበሬ ከምርቱ ጥሩ ጥሩውን ራስ መርጦ ለከርሞ ዘር ያስቀምጣል። ዲቃላ ዘር የገዛ ግን በየዓመቱ ተመልሶ ይገዛል፤ የራሱን ቢያስቀምጥ ያው አይበቅልለትም። ሁለቱም ምርት ይሰጣሉ፤ በየትኛው ላይ ገበሬው ሊጨምርበት እንደሚችል ግን እሱ ያውቀዋል።

"ክራክ አለ አይደል?" የሚል ሰው አይጠፋም። አለ፤ ቁልፉ የተሰበረው ሕገ ወጥ ቅጂ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ከሚጭኑ ሱቆች በጥቂት ብር ይገኛል። ነገር ግን የቅጂ መብትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። ከሕጉም ባሻገር ለሞድ የሚገዛ ሰው በክራክ ይጎዳል፦ ሞዶቹ የሚሠሩት ለትክክለኛውና ለታደሰው ቨርዥን ስለሆነ ክራኩ ብዙ ጊዜ አይገጥማቸውም። ቫይረሱም ላፕቶፑን ይዞ ይሄዳል፤ ላፕቶፑ ደግሞ የተገዛው ለትምህርት ነበር።

ውሳኔው

እንግዲህ ሁለተኛው ገንዘብ የሚከፈለው ለጨዋታው አይደለም። ጨዋታው የኛ ሆኗል፤ ጨርሰነዋል። የሚከፈለው ለመለወጥ መብት ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር መልስ ይፈልጋል። የሚፈለገው ሞድ በስሙ ይታወቃል ወይ? "ብዙ ሞድ አለው" ብሎ የገዛ ሰው ሁለት ቀን ጭኖ ይተወዋል። ያ ሞድ በኮንሶሉ አይገኝም ወይ? የማሊያና የአርማ ጉዳይ ከሆነ ፕሌይስቴሽን 4 ይበቃል። ላፕቶፑስ ይችለዋል ወይ? ስቲም ከተገዛ 14 ቀን ሳይሞላውና ሁለት ሰዓት ሳይጫወቱት የተመለሰን ጌም ገንዘቡን ስለሚመልስ፣ መቻል አለመቻሉን ከዚያ በፊት መሞከር ይገባል።

በዚህ መለኪያ ለአብዛኛው የጎብዬ ተጫዋች መልሱ "ይቅር" ነው። ዲስኩን ይያዝ፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። መልሱ "ግዛ" የሚሆነው ሞድ ለሚሠራው ልጅ ነው። እሱም ቢሆን ውድ ከሆነው አይጀምር። ዋጋው የወረደ፣ በአሮጌ ማሽን የሚሠራ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነሣ ጨዋታ ይምረጥ። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ጨዋታን በአማርኛ ለማስነበብ የጎደለው ሠሪ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስና የቡና ደርቢም፣ የወልዲያ ስታዲየምም፣ ተጫዋቾች ተራ የማይጠብቁበት ባለ ወረራው ሰንጠረዥም የሚሠራቸው ይፈልጋሉ። ያን የሚሠራ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ፣ ወላጆቹ ሁለተኛውን ግዢ እንደ ብክነት አይዩበት።